አበልጅ ያገኘልንን መኪና ልፈትሽ ወይስ ልተው?

ውድ አማካሪ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ዕድሜዬ 38 ነው፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በርበሬ መነገድ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በእነዚህ ዓመታት ባጠራቀምነው ገንዘብ ላይ የወጣልኝን ዕቁብ ጨምረን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። 70 በመቶውን ከፍለናል፤ ቀሪው ርክክብ ላይ ይከፈላል። ርክክቡ የፊታችን ዓርብ አዲስ አበባ ነው።

መኪናውን ያገኘልን አበልጃችን ነው። ትንሹን ልጃችንን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ የሚሠራውም መኪናውን በሸጠልን ድርጅት ውስጥ ነው። «ዓርብ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ኑ፣ አስረክባችኋለሁ፤ ቅዳሜ በጠዋት መንገድ ትጀምራላችሁ» ብሎናል።

እኔ ለባለቤቴ «በቀን ሄደን፣ አንድ መካኒክ ይዘን እንየው» ብለው ተቆጣኝ። «ክርስትና ያነሳልንን ሰው እንደ ሌባ ልታስፈትሺው ነው? ደግሞስ አዲስ መኪና ምኑ ይፈተሻል? ላስቲኩ እንኳ ከወንበሩ አልተነሳም» አለኝ። አማቴ ለእሑድ ጠላ ጠምቃለች። ደምበጫ ያሉት ዘመዶች ሁሉ ተጠርተዋል። እኔ ደግሞ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም፤ «ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለች» እንዳይሉኝም እፈራለሁ። ዝም ብል የ14 ዓመት ድካሜ ነው። ብናገር ትዳሬና አበልጅነታችን ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይ፣ ከፍኖተ ሰላም

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ይገባኛል። በርበሬ ስታስለቅሚ፣ ስታስጭኚ፣ አቧራው ዓይንሽን እያቃጠለሽ ያጠራቀምሽው ገንዘብ ነው። ግን የገንዘቡ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ አትጽፊልኝም ነበር ብዬ አስባለሁ። የከበደሽ አበልጅ መሃል መግባቱ ነው።

በእኛ በጎጃም አበልጅ ከሥጋ ዘመድ አያንስም። ከአበልጅ ጋር መቀያየም ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ሲቆጣ ክፋት አልታየኝም። አንድ የሚያከብረውን ዝምድና ሊጠብቅ ነው የፈለገው። አንቺም የቤትሽን ሀብት ልትጠብቂ ነው። ሁለታችሁም የያዛችሁት ደህና ነገር ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ባለቤትሽ በትክክል የፈራው ምን ይመስልሻል? አበልጁ እንዳይቀየመው ነው? ወይስ እሱም እንዳንቺ ስለ መኪና እንደማያውቅ ሰው ፊት እንዳይታወቅበት? ወይስ ስንት ጊዜ የጠበቀው ደስታ እንዳይደፈርስበት? ሦስቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው። ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ከመናገርሽ በፊት ይህን ትንሽ አስቢበት።

«ስለ መኪና አላውቅም» ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። ገበያ ላይ አንድ ጆንያ በርበሬ ሲቀርብልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ከላይ ያለውን ቀይ አይተሽ ገንዘብ ትቆጥሪያለሽ? አይመስለኝም። እጅሽን እስከ ክርንሽ ትከቺያለሽ። ከሥር ታወጪያለሽ። ጨብጠሽ እርጥበቱን ታያለሽ፣ ሰብረሽ ታሸቺያለሽ። ገበሬው ጎረቤትሽ ቢሆን፣ ዘመድሽም ቢሆን ይህን ከማድረግ አትመለሺም። እሱም አይቀየምሽም፤ የገበያ ሥርዓት መሆኑን ያውቃል። በሬ የሚገዛስ ሰው ጥርሱን ከፍቶ አያይም? መኪናም ያው ነው። አፉና ሆዱ የት እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ፤ እሱን ደግሞ ዛሬ አብረን እናየዋለን።

አዲስ መኪና ምኑ ይፈተሻል የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰው ነው። መኪናው ፋብሪካ ሲወጣ አዲስ ነው። ከዚያ መርከብ ላይ ይወጣል፣ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል፣ በከባድ መኪና ተጭኖ አገር ውስጥ ይገባል፣ ግቢ ውስጥ ደግሞ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ለወራት ሊቆም ይችላል። በየመሃሉ ስንት ሰው ነካው? ስንት ጊዜ ታሰረ፣ ተፈታ? የተጋጨ ካለ ቀለም ተቀብቶ ይቀርባል። አበልጃችሁ ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። እሱም መኪናውን ያየው ግቢ ውስጥ ታጥቦ ቆሞ ነው።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት እንዲሁ በይሉኝታ መኪና ተረክቤያለሁ። ምሽት ነበር፤ ያካፋል። የሸጠልኝ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የማውቀው ሰው ነበር። ሻይ ጋበዘኝ፣ ፈረምኩ፣ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። በነጋታው ፀሐይ ሲወጣ የቀኙ የኋላ በር ከሌላው አካል ቀለሙ ፈዘዝ ብሎ አገኘሁት። ጠጋ ብዬ ሳይ ቀለሙ የበሩን ላስቲክ ሁሉ ነክቶታል። ተመልሼ ስሄድ «አይተው ፈርመዋል» አሉኝ። በሩን አሁን ረስቼዋለሁ። ከዚያ ሰው ጋር ግን እስከ ዛሬ ስንገናኝ ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው። እሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ እኔም ልቤ አልሽር አለኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ የመጣብኝ ይህ ነው።

አሁን ያንቺን አስቢው። ቅዳሜ መኪናውን ይዛችሁ ገባችሁ፤ እሑድ ተደገሰ። ሰኞ ባለቤትሽ መኪናውን ሲያጥብ አንድ ነገር አገኘ። ለማን ይደውላል? ለአበልጁ ነው የሚደውለው። ጠቡ የሁለቱ ይሆናል። ያው ነገር ዓርብ ግቢው ውስጥ ቢታይ ግን ጉዳዩ የናንተና የድርጅቱ ነው፤ አበልጃችሁ ደግሞ ከጎናችሁ ቆሞ የሚከራከርላችሁ ሰው ይሆናል። ስለዚህ መኪናውን ማየት አበልጅነቱን መጠበቅ ነው። ለባለቤትሽም በዚህ በኩል ብትነግሪው እመክርሻለሁ።

ምን ብለሽ? ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አማትሽ በሌሉበት፣ ረጋ ብለሽ «አንተን ለማሳፈር አይደለም። ነገ አንድ ነገር ቢገኝ ከአበልጃችን ጋር እንድትቀያየም አልፈልግም። አብረን፣ በብርሃን እንየው» በይው። ከዚያ አበልጃችሁ ጋ የሚደውለው እሱ ይሁን፣ አንቺ አትደውዪ። «አበልጄ፣ እኛ ስለ መኪና አናውቅም፤ ዓይናችን አንተ ነህ። ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አብረኸን ሆነህ እንድናየው አመቻችልን። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቅ አንድ ባለሙያም ይዘን እንመጣለን» ቢለው እንደ ክብር ነው የሚቆጥረው። ደህና ሰው ከሆነ፣ ደግሞም ይመስለኛል፣ ደስ ብሎት ያደርገዋል።

11 ሰዓት የሚለውን ግን እባክሽ አትቀበሉ። ምሽት ላይ ጭረት አይታይም። ሠራተኛውም ወደ ቤቱ ለመሄድ ይቸኩላል፣ ባንክም ይዘጋል። መኪናው ከመምጣታችሁ በፊት ታጥቦ፣ ደርቆ ይቆይ በሏቸው፤ ውሃ ጭረትን ይሸፍናል። ዓርብ ጠዋት ካልተመቸ ቅዳሜ ጠዋት እዩትና እሑድ ተነሱ። ድግሱ ለሁለት ቀን ቢገፋ ጠላው ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ ምንም አይሆንም። ለአማትሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፤ የመጨረሻው ሰዓት ላይ ከመጨናነቅ ይሻላል። ባለሙያውም ዘመድ ባይሆን እመርጣለሁ። ከፍላችሁ የምትወስዱት ሰው ያየውን ሳይደብቅ ይናገራል።

ግቢው ውስጥ ስትገቡ አትቸኩሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስጡት። ከሩቅ ጀምሩ። መኪናውን ከፊት ጥግ ቆማችሁ በጎኑ በኩል ዓይናችሁን ላኩት፤ ብርሃኑ ላዩ ላይ ቀጥ ብሎ ከፈሰሰ ደህና ነው፣ ከተንቀጠቀጠ እዚያ ቦታ ላይ ስቱኮ፣ ማለትም ጎድጓዳ የሚሞላበት ልስን፣ ሊኖር ይችላል። በሮቹና ኮፈኑ ከአካሉ ጋር የሚገጥሙበት ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እዩ። የበር ላስቲክ ላይ ቀለም ካለ፣ በሩን የያዘው ብሎን ላይ የመፍቻ ምልክት ካለ፣ ያ በር አንድ ጊዜ ተፈትቷል ማለት ነው። ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጆንያ ዳግም የተሰፋ መሆኑን ከክሩ አታውቂም?

ቀጥሎ ሥሩን። ይህን እንዳትዘሉብኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚቀመጠው ወለሉ ሥር ነው፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እሱ ነው። ሲጫንና ሲወርድ የተመታ ከሆነ ምልክቱ የሚታየው እዚያ ነው። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ በስልክ መብራት ይየው፤ ቢቻል ሊፍት ላይ ይውጣ። ጎድጎድ ያለ፣ የተላጠ፣ የተሰነጠቀ ነገር ካለ ፎቶ አንሱ። እኔ ብሆን በር ላይ ላለ ትንሽ ጭረት ድግስ አላበላሽም። የባትሪው ሽፋን ላይ ላለ ምት ግን በዚያ ቀን መኪናውን አልረከብም።

ከዚያ አስነሡት። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ መብራት በርቶ የሚቀር መኖሩን እዩ። የሄደበትን ኪሎ ሜትር አንብቡ፤ ጥቂት አሥሮች ቢሆን ያስማማል፣ መቶዎች ከሆነ «የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ወደምታነቡት ቋንቋ ቀይረው ያሳዩአችሁ። ቻርጅ ማድረጊያ ገመዱን ራሳችሁ ሰክታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ባትሪው ሲሞላ በዓይናችሁ እዩ። የቻይና ገበያ መኪኖች የሚሰኩበት ቀዳዳ ከአውሮፓው የተለየ ነው። የተሰጣችሁ ገመድ እናንተ ቤት እንደሚሠራ፣ ሌላ ቦታ ለመሰካትም ማያያዣ ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ፍኖተ ሰላም ከገባችሁ በኋላ ብትጠይቁ መልሱ ሩቅ ነው። መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ መስኮቶቹን፣ ዝናብ መጥረጊያውን ልጆቹ እንኳ ሊሞክሩት ይችላሉ።

አጭር መንገድ ንዱት። አስፋልትም ኮረኮንችም ይንካ። መሪው ወደ አንድ ጎን እንዳይስብ፣ ፍሬኑ እንዳይንቀጠቀጥ እዩ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። 2324 ካለ በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱም ጎማ ተቀራራቢ ይሁን። ስኮርታ እንዳለውም እዩ። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም፤ በምትኩ ጎማ መድፈኛና መንፊያ ነው የሚሰጡት። ለእኛ መንገድ ስኮርታ ቢኖር እመርጣለሁ፤ ከሌለው ግን ቢያንስ መድፈኛው መኖሩን አረጋግጡ። ሁለት ቁልፍ ተቀበሉ።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ አንቺ ራስሽ ተቀመጪ። ሒሳብ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው፤ በፊት መስተዋቱ ሥር ታገኚዋለሽ። መኪናው ላይ ያለውን፣ ሊብሬው ላይ ያለውን፣ የጉምሩክ ሰነዱ ላይ ያለውንና ውሉ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አስተያዪ። አንዷ ፊደል ብትለይ ገንዘብ አይተላለፍም። አሥረኛው ቦታ ላይ ያለው ፊደል የሞዴሉን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ይጠቁማል፤ አር (R) 2024፣ ኤስ (S) 2025 ነው። ውላችሁ ላይ ከተጻፈው ዓመት ጋር ይግጠም።

የዋስትናውን ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣው ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን የፋብሪካው ወኪል አይደለም። ስለዚህ «ዋስትና አለው» የሚል ቃል አይበቃም። ዋስትናውን የሚሰጠው ማነው? ፋብሪካው ወይስ አስመጪው? ለባትሪው ስንት ዓመት ነው? ቢበላሽ የት ይታያል? ፍኖተ ሰላም ሆኖ ቢቆም ማን ያመጣዋል? መልሱ ማህተም ያለበት ወረቀት ላይ ይስፈር።

ሕጉም ከጎንሽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የገዛውን ዕቃ ዕድል እንዳገኘ ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ዕቃውን ስላየ ወይም ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ፣ በአክብሮትም እንዲስተናገድ ይላል። ይህን ግቢው ውስጥ ለክርክር አታንሺው፤ ለራስሽ ልብ ብቻ ያዢው። ስትጠይቂ ማንንም አልሰደብሽም።

የርክክቡን ወረቀት ፊርማ የመጨረሻ አድርጉት። ያያችሁት ነገር ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በሁለቱም ቅጂ ላይ ይጻፍ፤ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክለው ይጠቀስ፣ ማህተም ይረፍበት። «እሱ ችግር የለውም፣ በኋላ እናስተካክላለን» ቢሉ «እሺ፣ እሱንም እንጻፈው» በይ፤ ፈገግ ብለሽ። ቀሪው 30 በመቶ የሚተላለፈው ከዚህ በኋላ ነው። ከባድ ነገር ከተገኘ ደግሞ ያን ቀን አትረከቡ። ያኔ ባለቤትሽ ሊደነግጥ ይችላል። እዚያ ሰው ፊት አትከራከሪው። ለብቻ ወስደሽ «እንብላና እንመለስ» በይው። ከምሳ በኋላ ነገሩ ቀለል ይላል።

ስለ መንገዱም አንድ ነገር ልበልሽ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ እናንተ ደግሞ ከዚያም ታልፋላችሁ። መኪናው «400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የተባለው በቻይና መለኪያ ከሆነ በተግባር ያንሳል። ዓባይ በረሃ ደግሞ አለ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ መኪናው ባትሪውን ትንሽ ይሞላል፤ ከድልድዩ ደጀን እስክትወጡ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ቻርጁ ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ተነሱ። በመሃል የምትሞሉበትን ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ደጀን ወይም ደብረ ማርቆስ የምታውቁት ሰው ቤት ቢሆንም ይሆናል። ከቤት መሰኪያ ሲሞላ ቀስ ስለሚል ማደር ሊኖርባችሁ ይችላል። ይህን ለባለቤትሽ ስትነግሪው ምናልባት ከሁሉ በላይ ልቡን የሚገዛው ይህ ይሆናል። መኪናውን አምስት መቶ ሜትር ሳይነዱ ዓባይ በረሃ ይዞ መውረድ ማንም አባወራ አይፈልግም።

ባለቤትሽ እምቢ ቢልስ? ያኔ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፤ ሰዓቱ ወደ ጠዋት ይምጣ። ሌላውን ተይው። በብርሃን መኪናው ፊት ከቆማችሁ እሱም ራሱ ጎንበስ ብሎ ማየቱ አይቀርም። ወንድ ልጅ አዲስ መኪና ፊት ቆሞ ሥሩን ሳያይ አይመለስም።

ዛሬ ማታ ተነጋገሩ፤ ነገ ጠዋት ይደውል። ለባለሙያው መተኛ የሚሆን አንድ ጆንያም ይዛችሁ ሂዱ። በርበሬ ያልነካው ይሁን፤ ዓይኑን ቢያቃጥለው ሥሩን ማየት አይችልም።